«አርባ» ብዬ የጻፍኩት፦ ከአዳማ እስከ ቴፒ

አዳማ ውስጥ ቴፒን በስም እንጂ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። የት ሰንብቼ እንደመጣሁ ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ «ከጅማ ወዲያ» እላቸዋለሁ፤ «ከጅማ ወዲያ ደግሞ አገር አለ እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። አለ። በጭነት መኪና ሦስት ቀን የሚያስኬድ፣ ሰው ፀሐይን እንደ እንግዳ የሚጠብቅበት አገር አለ። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማይሄዱት ነው። ስለ አገሩ ልናገር ተነሥቼ ስለ አንድ ሞተር ብዙ ካወራሁ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የሄድኩትም ለእሱ ነበር።

መኪናው የአባቴ ነው፤ ቤታችን የሚተዳደረውም በእሱ ነው። አባቴ ወገቡን ከታመመ ወዲህ የሚነዳው ጋሽ ከድር ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት ቱርቦው ሞተ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ መልሶ ለሞተሩ የሚያጎርስ፣ ከሁለት ጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ያለ እሱ የተጫነ መኪና ዳገት አይወጣም። አዲስ ተገጠመለት። ሦስት ወር እንደሠራ ያም ማፏጨት ጀመረ።

አባቴ ከምሳ በኋላ ጠራኝ። «ይኼ ሰውዬ መኪናዬን ገደለው» አለኝ። «ወደ ቴፒ ሲሄድ አብረሽው ሂጂ። የተማርሽው ይኼን አይደል? አያያዙን አይተሽ ንገሪኝ። ቸልተኝነቱ ከሆነ ቁልፉን ያስረክብ።»

የተማርኩት የመካኒካል ምሕንድስና ነው። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ሥራ አላገኘሁም። በዲግሪዬ ለቤታችን የሠራሁት ነገር ቢኖር አንዲት ወረቀት ናት። ባለፈው ዓመት የመኪናውን መጽሐፍ አንብቤ ጻፍኳት፤ በላስቲክ አስለበስኳት፤ ከመሪው አጠገብ ለጠፍኳት። «የሞተር ዘይት፦ 40። በየ10,000 ኪ.ሜ ይቀየር» ትላለች። አባቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያት ነበር።

አንደኛ ቀን

ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭነን ገና ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ጋሽ ከድር የረዳት መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈልኝ።

«ለኢንጂነር የሚገባ ወንበር ነው» አለ። «ልትሰልዪኝ ከሆነ የመጣሽው፣ ተመችቶሽ ሰልዪ ልጄ።»

ሳቀ። እኔ ግን መስኮቱን አየሁ። ሰው ፊት ለፊት እውነቱን ሲናገረኝ የምመልሰው አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

እስከ አዲስ አበባ ያለው የፍጥነት መንገድ ምንጣፍ ነው፤ ሞተሩ በአንድ ድምፅ እየዘፈነ አደረሰን። ወልቂጤ ምሳ በላን። ጋሽ ከድር ለራሱ ሽሮ፣ ለእኔ ጥብስ አዘዘ፤ እምቢ ብል «አባትሽ በረሃብ መለሳት ይለኛል» አለኝ። ከዚያ የግቤን በረሃ ወርደን ስንወጣ ፉጨቷን ሰማኋት። ጆሮ ሥር እንደምትዞር ትንኝ ቀጭን ናት፤ ዳገቱ ሲጠና ትጠነክራለች።

ዳገቱን ጨርሰን ሰኮሩ ላይ ቆምን። አባቴ «ወዲያው ስለሚያጠፋው ነው» ይል ስለነበር ደብተሬን አወጣሁ። ቱርቦ ከከባድ ሥራ በኋላ ይግላል፤ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ ውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይጋገራል። ጋሽ ከድር ግን አላጠፋውም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩት።

«ትንፋሿን እስክትሰበስብ ነዋ። የቁርኣንን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ ሰባቴ እቀራለሁ፤ ከዚያ አጠፋለሁ። የእጅ ሰዓት ለእኔ አይሆንም፤ ሲርበኝ አፈጥነዋለሁ።»

ሰባቱን ጨርሶ አጠፋ። ደብተሬ ላይ ከአባቴ ክሶች አንዱን ሰረዝኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጅማ አልጋ ያዝኩ። እሱ እንደ ልማዱ ካቢና ውስጥ አደረ።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱ ቀይ መብራት ቶሎ አልጠፋም። ጋሽ ከድር ነዳጅ ሳይረግጥ ዝም ብሎ ጠበቀ። «ወፍራም ዘይት ነው፤ በብርድ ይለግማል» አለ። ጻፍኩት፤ ግን አላሰብኩበትም።

ከጅማ ወዲያ ዝናብ ተቀበለን። ኅዳር ገብቷል፤ እኛ ዘንድ በዚህ ወር አቧራ ነው። አዳማ ሰው ጥላ ፍለጋ መንገድ ይሻገራል። ቦንጋ ላይ ደግሞ ሰዎች ደመናው ለአፍታ ሲከፈት ከሱቃቸው ወጥተው ፊታቸውን ለፀሐይ ሲሰጡ አየሁ። ደኑ ከሁለቱም ወገን ወደ መንገዱ ይጠጋል። አገሩ ውብ ነው፤ ለእኔ ግን ልብ የሚከብድ ነበር። አረንጓዴው የማያልቅ፣ ብርሃኑ የማይሞላ።

ሚዛን ተፈሪ ስንደርስ ከሰዓት በኋላው ወደ መገባደዱ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የሚመለሱ ተማሪዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ። ከመኪናው ወርጄ ባጃጅ ለማሳለፍ የመንገዱን ጠርዝ ስይዝ አንሸራተተኝና ጭቃው ውስጥ ተቀመጥኩ። አንዲት ተማሪ መጽሐፏን ለጓደኛዋ ሰጥታ አነሣችኝ፤ ቀሚሴን በራሷ ሻሽ ጠረገችልኝ። «እዚህ አገር ያልወደቀ ገና አልደረሰም ማለት ነው» አለችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች።

ጋሽ ከድር የዘይት መለኪያውን ስቦ አየ፤ ጎድሏል። ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገባን። ከዝናብ የተጠለሉ ወንዶች ሱቁን ሞልተውታል። እኔ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«አርባ ስጠኝ፤ ሁለት ሊትር» አለ ጋሽ ከድር።

«የትኛውን?» አለ ባለሱቁ። «ብቻውን አርባውን ነው ወይስ ዐሥራ አምስት አርባውን?»

«ብቻውን አርባውን።»

«ቱርቦ ላለው መኪና? በዚህ ጭቃ?»

«የኢንጂነር ትእዛዝ ነው። ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

«እንግዲያው ኢንጂነርህ አስፋልት ላይ ነው የሚኖረው!» አለ አንዱ፤ ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ከድር አልሳቀም። ወደ እኔም አልተመለከተም።

እኔ ያሰብኩት ዐሥራ አምስት አርባውን ነበር። መጽሐፉም የሚለው እሱን ነው፤ በብርድ እንደ ቀጭን ዘይት ቶሎ የሚፈስ፣ በሙቀት እንደ አርባ የሚወፍር። ወረቀቷ ጠባብ ስለነበረች አሳጥሬ «40» አልኩ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ። ሾፌር ግን አርባ ሲባል የሚያውቀው ሌላ ዘይት አለ፤ ብቻውን አርባ የሚባል፣ ለድሮ ሞተሮች የነበረ። ደግሞም ለዘይት ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ ውፍረቱን ነው የሚናገረው፤ ለምን ዓይነት ሥራ እንደተሠራ የሚናገሩት አጠገቡ ያሉት ፊደሎች ናቸው። ፊደሎቹን ጭራሽ አልጻፍኳቸውም።

ከዚህም የባሰ አለ። በሰኔ ግቢያችን ውስጥ «40» ብቻ የተጻፈበት ባዶ ጀሪካን አይቼ ነበር። ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ሽማግሌ ሰው ላስተምር ነው ወይ አልኩና ይሉኝታ ያዘኝ። ሚዛን ላይም ያው ሆነ። «አይደለም» የሚለው ቃል ከንፈሬ ደርሶ ተመለሰ። ሁለቱ ሊትር ዓይኔ እያየ ተጨመረ።

ሦስተኛ ቀን

ቁርስ ሳይቀርብ ስልኬ ላይ ያለውን የመጽሐፉን ፎቶ ከፍቼ አነበብኩ። ዐሥር ሺሁ ኪሎ ሜትር እዚያው አለ። ከግርጌው፣ ባለፈው ዓመት ዓይኔ ያለፈው ደቃቅ መስመርም አለ፤ መኪናው ከባድ ሥራ ላይ ከዋለ ከግማሽ በታች ይቁጠሩ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ የሚሄድ ከሆነም የሠራበትን ሰዓት ይቁጠሩ ይላል። እኔ ከባድ ሥራ ሲል የማዕድን ማውጫ ነበር የመሰለኝ። ፍርፍሩ ቀረበ፤ አልበላሁትም።

ከሚዛን እስከ ቴፒ ሩቅ አይደለም። ግን ልናገር እያልኩ ሳልናገር የሄድኩት መንገድ ስለሆነ ከሁሉ ረዘመብኝ። ጋሽ ከድር ስለ ትንሿ ልጁ ያወራኝ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«እሷም እንደ አንቺ ዝምተኛ ናት» አለኝ። «ኢንጂነር እሆናለሁ ትላለች። ወረቀትሽን ከመሪው አጠገብ ካየች ወዲህ ነው።»

ቴፒ ሞቃት ነው፤ ሙቀቱ ግን የአዳማ አይደለም። የእኛ ሙቀት ልብስ ያደርቃል። የቴፒ ሙቀት እርጥብ ነው፤ ያጠብኩት ቀሚስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ አብሮኝ ተመለሰ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ከከምባታ መጥተው እዚያ የከተሙ፣ እማማ ዘነበች የሚባሉ ሴት ናቸው። ጫማዬን አይተው ሳቁ። የራሳቸውን የላስቲክ ቦቲ አምጥተው «ነገ ገጠር የምትገቢው በዚህ ነው፤ የአንቺ ጫማ ለሠርግ ነው» አሉኝ። ሁለት ቁጥር ሰፋኝ። ጨርቅ ጠቅልለው አፍንጫው ውስጥ ከተቱልኝ።

አራተኛ ቀን

ጭነቱን አራግፈን ከነገለፈቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና ልንጭን ወደ አንድ ቀበሌ ሄድን፤ ከማሻ መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ተባልን። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጎማው ባለበት እየዞረ ስንሄድ አምስት ሰዓት ፈጀን። ሰዓቴን አየሁ፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አየሁ። በዚያው አምስት ሰዓት ከአዳማ ተነሥተን ግቤን ልንጠጋ እንችል ነበር። ሞተሩ የአምስት ሰዓት ሥራ ሠርቷል፤ ወረቀቴ የምትቆጥርለት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

የመጨረሻው አቀበት ላይ ፉጨቷ ጩኸት ሆነች። ከዚያ በአንዴ ዝም አለች። ኃይሉ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ተሰማኝ። በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ሰማያዊ ጭስ የቡናውን ተክል ሸፍኖታል። ጋሽ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይቀራ ሞተሩን አጠፋ።

«ሞተች» አለ።

ዝናቡ ሲበረታ ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ወጥታ በእጇ ጠራችን። አማርኛ የምታውቀው ጥቂት ነው፤ «ግቡ፣ ግቡ» አለችን። ጎደሬ ቀቅላ፣ ጨሞ ቀድታ አቀረበችልን። ጨሞ የቡና ቅጠል ፍል ነው፤ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና የማላውቃቸው ቅጠሎች አሉበት። ፍሬውን ለእኛ ለመንገደኞች ሸጠው እነሱ ቅጠሉን ይጠጣሉ። አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጥሩ ሰበብ ሆነኝ።

«ጋሽ ከድር» አልኩ። «ጥፋቱ የወረቀቷ ነው። እኔ ማለት የፈለግኩት ዐሥራ አምስት አርባውን ነበር። ዐሥር ሺሁም ስሕተት ነው።»

የያዘውን ጎደሬ ልጦ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ድሮ በየሁለት ምልልሱ ነበር የምቀይረው። አዳማ ቴፒ፣ ቴፒ አዳማ፤ ሁለቴ። ጭቃ ሲበዛ በአንዱም። ዘይቱም ያ አሁን ያልሽው ነበር። ወረቀቷን የለጠፍሽ ቀን ለአባትሽ ነገርኩት። ሰዎች ቆመው ነበር። ‹ከኢንጂነር ትበልጣለህ?› አለኝ። ሳቁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወረቀቷ ያለችውን አደረግኩ። ሰባት ምልልስ በአንድ ዘይት። እልህ ነው ልጄ። ስትበላሽ ያያል አልኩ።» ጨሞውን ጠጣ። «ሁለት ቱርቦ። እንዲህ ይርቃል ብዬ አላሰብኩም።»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች፤ አባትና ልጅ የተጣላን መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ በሁለታችን መሐል አንድ ትልቅ ጎደሬ አስቀመጠች።

አምስተኛ ቀን

ሌላ የጭነት መኪና ጎትቶ ቴፒ አደረሰን። እዚያ አንድ መካኒክ ለቱርቦው ዘይት የምታደርሰውን ቀጭን ቱቦ ፈትቶ ሰጠኝና «ንፊባት» አለኝ። ነፋሁ። ትንፋሼ አላለፈም። በውስጧ ዘይቱ ተቃጥሎ፣ እንደ ቅጥራን ደርቆ ዘግቷታል። «አዲስ ቱርቦ ስትገጥሙ ይቺን አልቀየራችሁም፤ ዘይቱንም በጊዜው አልቀየራችሁም» አለ። «እዚህ አገር ሞተር የሚያረጀው በሰዓት ነው እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም።»

ለአባቴ ደወልኩ። ያዘጋጀሁትን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፤ ስልኩን ሲያነሣ ግን ሳላነበው ተናገርኩ።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አርባ ብዬ አሳጥሬ ነው የጻፍኩት። ጊዜውንም ተሳስቻለሁ። ጋሽ ከድር ያደረገው የታዘዘውን ነው።»

አስጨረሰኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነበር፣ እሱ ነው የከፋኝ። «አንቺ ከልጅነትሽ የሰው ጥፋት መሸከም ትወጃለሽ።»

«አይደለም አባዬ፣ እውነቴን ነው።»

«እሺ፣ ይሁን። ዐሥራ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ዘይት አያውቅም? ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?»

ጋሽ ከድር አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ያውቅ ነበር። መዋሸት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገርም ድምፅ አልነበረኝም። ዝምታዬን አባቴ እንደ መልስ ቆጠረው። «ቁልፉን ለመካኒኩ ስጡና በአውቶቡስ ኑ» አለኝ።

ጋሽ ከድር ቁልፉን ከቀለበቱ ሲያወጣ ጥፍሩ እምቢ አለው። እኔ አወጣሁለት። ይህ ብቻ ነበር ያገዝኩት። እማማ ዘነበች ለመንገድ ሙዝ በፌስታል ሞልተው ሰጡን፤ የላስቲክ ቦቲያቸውን ስመልስ «ያዢው፣ ደግሞ ትመጫለሽ» አሉኝ።

ስድስተኛና ሰባተኛ ቀን

በአውቶቡስ ያው አገር ሌላ ነው፤ ከጭነት መኪና ካቢና ሲታይ ቁልቁል የነበረው ሁሉ አሁን ትከሻችን ላይ ሆነ። ጋሽ ከድር የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ሰጠኝ። ቦንጋን አልፈን አንድ ረጅም አቀበት ጨርሰን ለምሳ ስንቆም ሾፌሩ ሞተሩን ወዲያው ቀጥ አደረገው። ጋሽ ከድር አንገቱን ሰበረ። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሱ አልተነሣም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቆጠርኩለት። ሰባት ሲሆን ተነሣ።

አዳማ መናኸሪያ ተለያየን። «ልጄን አንዳንድ ቀን አስጠኚያት» አለኝ። እሺ አልኩ። እስካሁን ሁለቴ ሄጃለሁ፤ እሱ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ

አዲስ ወረቀት ሠራሁ፤ እንደ ፊተኛይቱ ጠባብ አይደለችም። የዘይቱን ሁለት ቁጥሮች፣ ፊደሎቹን፣ የጣሳውን ሥዕል ሳይቀር አስገባሁ። በየሁለት ምልልሱ ይቀየር፤ ጭቃ ሲበዛ በየአንዱ፤ ፊልትሮውም አብሮ። የዘይት ቱቦዋ ከቱርቦው ጋር ትቀየር። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የሚጎድል አልነበረም። አባቴ በአውቶቡስ ለአዲሱ ሾፌር ላካት።

አዲሱ ሾፌር ወጣት ነው፤ የተጠገነውን መኪና ከቴፒ ተረክቦ ሚዛን ሲደርስ ደወለልኝ። ሱቅ በር ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ሲሠራ ይሰማኛል፤ ከአቀበት ገና መውጣቱ እንደሆነ ከድምፁ አወቅኩ።

«ኢንጂነር፣ ያው አርባ ነው አይደል?»

«አይደለም!» አልኩ። ከጩኸቴ የተነሣ አባቴ ከወንበሩ ዞር አለ። «ዐሥራ አምስት አርባ ነው። ፊደሎቹንም ከወረቀቱ ጋር አስተያያቸው። ከመክፈትህ በፊት አንብብልኝ።»

«እሺ፣ እሺ። ቆይ ልውረድና ላንብብልሽ።»

ያኔ ከስልኩ ወዲያ ሞተሩ ቀጥ አለ። በአንዴ። አንድ ፋቲሓ እንኳ አልሞላም።

መጠበቁን አልጻፍኩትም ነበር። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።